የዜሮዎቹ ማረጋገጫ

በ1970 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ አራት አብዮት ጠባቂዎች ሽሮ ሜዳ ከሚገኘው ከሸማኔው ከአቶ ሾዴ ቤት ገብተው ልጃቸውን አዲሳለምን ወሰዱት። ፍራሹን ገለበጡ፤ ሣጥኑን ዘረገፉ፤ አቶ ሾዴ ሲሸምኑ እግራቸውን የሚያስገቡበትን ጉድጓድ ሳይቀር በዱላ ጎረጎሩ። ምንም አላገኙም። ቢሆንም ለጥቂት ጥያቄ ነው ብለው ልጁን ከፊት ከፊታቸው ነዱት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏቸው ስለነበር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እየተከተለች የወረደችው ታላቅ እህቱ ዘርትሁን ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርትሁን በየማለዳው ምግብ ሠርታ በምሳ ዕቃ ትይዝና፣ ወደ ሥራዋ ከመግባቷ በፊት የቀበሌዎቹ የበላይ ለሆነው ለከፍተኛው እስር ቤት ታደርሳለች። በቆርቆሮው በር ፊት ከሌሎች እናቶችና እህቶች ጋር ትሰለፋለች። ዘበኛው ስም እየጠራ የዛሬውን ዕቃ ይቀበላል፣ የትናንቱን ባዶ ይመልሳል። እስረኛ ማየት አይፈቀድም፤ ወረቀት መላክም አይፈቀድም። ሰልፈኞቹ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው አለ። ዘበኛው "ከነገ ጀምሮ አታምጪ" ካለ ግን አበቃ። ይህ የተነገራት ሴት እዚያ በር ላይ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ አትችልም። ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰ ራሱም ፀረ አብዮተኛ ነው ተብሏልና፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ቁልቁል ትወርዳለች። ዘርትሁን ባዶውን ዕቃ ተቀብላ እስክትይዝ ድረስ በየቀኑ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትቆመው።

ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው። ወደ ቀጨኔ በሚያወርደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሒሳብ ታስተምራለች። የሸማኔ ልጅ እዚያ መድረሷ ለአንዳንዱ ተአምር፣ ለአንዳንዱ ድፍረት ነበር። ከማስተማሩ ሌላ ማንም ያላዘዛት አንድ የግል ሥራ ይዛ ነበር፤ ከጀመረችው ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ሥራው ማትሪክስ ስለሚባሉት የቁጥር ሰንጠረዦች ነው፤ በተለይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ስለማይገባባቸው። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የራሱ የሆነ አንድ ዋና ቁጥር አለው። ሰንጠረዡን ደጋግመው በራሱ ሲያባዙት ምን ያህል እያደገ እንደሚሄድ የሚናገረው ያ ቁጥር ነው፤ መጻሕፍቱ ትልቁ አይገንቫልዩ ይሉታል። በትክክል ማግኘቱ አድካሚ ነው። ነገር ግን የየረድፉን ድምር ብቻ አይቶ፣ ዋናው ቁጥር ከትንሹ ድምር እንደማያንስ፣ ከትልቁም ድምር እንደማይበልጥ መናገር ይቻላል። ይህ ድሮ የታወቀ ነገር ነው። ዘርትሁን የፈለገችው እነዚህን ሁለት ወሰኖች ማቀራረብ ነበር።

ለአዲሳለም ያስረዳችው በትንሽ ሰንጠረዥ ነው። በላይኛው ረድፍ አንድና ሁለት፣ በታችኛው ሦስትና አራት ጻፈችለት። ድምሮቹ ሦስትና ሰባት ናቸው፤ ስለዚህ የሚፈለገው ቁጥር በሦስትና በሰባት መካከል የሆነ ቦታ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ዓምድ በሦስት፣ ሁለተኛውን ዓምድ በሰባት አባዝታ፣ እያንዳንዱን ረድፍ እንደገና ደምራ፣ በቀድሞ ድምሩ አካፈለችው። ወሰኖቹ ተጠጉ፤ አንዱ ከአምስት ከሩብ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሌላው አምስት ከሁለት ሦስተኛ ላይ ቆመ። ደግማ ስትሠራው ይበልጥ ተጠጉ። ያገኘችው ነገር፣ ክፍተቱ በየእርምጃው ቢያንስ በምን ያህል እንደሚጠብ የሚናገር አንድ ያለመተካከል ሕግ ነበር። ማረጋገጫውን ስትጨርስ ደጋግማ አነበበችው፤ ቀዳዳ አልነበረበትም።

አዲሳለም ከስምንተኛ ክፍል አልዘለቀም፤ ከአባቱ ጋር ሸማ ይሠራ ነበር። ማባዛት ግን ይወዳል። እሷ ሰንጠረዥ ስትሰጠው አምስት ስድስት እርምጃ ድረስ በእርሳስ ይሠራላትና ወሰኖቹ ሲጠጉ እያየ "ያዝናት" ይል ነበር። በደብተሯ ውስጥ ግማሹ ቁጥር የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው።

የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ተክለ ሃይማኖት ይባላል። ዕድሜው አርባ አካባቢ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሁልጊዜ ፂሙን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ ሰው ነው። እሷንም ያስተማራት እሱ ነበር፤ ጥሩ አስተማሪ ነበር። አሁን የኮሌጁን የውይይት ክበብ ይመራል፤ ከከፍተኛው ሰዎችም ጋር ይሰበሰባል። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የዶክትሬት ማዕረጉን እንዲያገኝ ዕድል ተሰጥቶታል፤ የሚያቀርበው ሥራ ግን አልነበረውም።

ታኅሣሥ 11 ቀን ወደ ቢሮው ጠራትና በሩን ዘጋ። የወንድሟን መታሰር መስማቱን፣ ማዘኑንም ነገራት። እዚያ ያሉትን ሰዎች እንደሚያውቃቸው፣ ልጁ የጭቁን ሸማኔ ልጅ፣ ተሳስቶ እንጂ ጠላት አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጽፍ እንደሚሰሙት አስረዳት። ከዚያ እሱ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቱ እየዳበሰ እንዲህ አላት።

"እኔም ካንቺ የምፈልገው ነገር አለ። ያን ደብተር ስጪኝ። ሥራው በኔ ስም ይሄዳል፤ አንቺም ስለሱ ዳግመኛ አታነሺም።"

"ደብዳቤው መቼ ይሄዳል?"

"ደብተሩ በደረሰኝ ቀን።"

በማግስቱ ጧት አመጣችለት። የወንድሟን እጅ ጽሑፍ ቀድዳ ለማስቀረት አስባ ነበር፤ የጎደለ ገጽ አይቶ እንዳይቆጣ ፈርታ ሙሉውን ሰጠችው። ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ደብዳቤው እንደሄደ ነገራት። አጎንብሳ አመሰገነችው።

ወራት አለፉ። ደብዳቤው ጊዜ ይፈልጋል ይላታል፤ ትታገሣለች። ምሳ ዕቃው በየቀኑ ባዶውን፣ እንዲያውም ተጠራርጎ ይመለሳል። አዲሳለም ድሮ ሳህን ላይ ማስተረፍ ይወድ ስለነበር፣ አሁን መብላቱ አባቱንና እህቱን ደስ አሰኛቸው። በጥር ብርድ አቶ ሾዴ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁመው ጋቢ ሠሩለት። ዘበኛው ጋቢውን ዳበሰና በደንብ እንደሚሰጠው ቃል ገብቶ ተቀበላት።

ግንቦት ላይ የኮሌጁ ጸሐፊ መሰለች ወደ መዝገብ ቤት አስገባቻት። መሰለች የሁለት ልጆች እናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ በዚያ ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት። ዘርትሁን ገና ተቀጥራ ስትመጣ ሌሎቹ መምህራን ከሷ ጋር ምሳ ለመብላት ሲያመነቱ መሰለች ነበረች አጠገቧ የምትቀመጠው። ያን ቀን ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

"ዘርቲ፣ ስለ ወንድምሽ የተጻፈ ደብዳቤ የለም" አለቻት። "ከዚህ ቤት በኔ እጅ ሳያልፍ የሚወጣ ደብዳቤ የለም። ይሄን እስከ ዛሬ ልነግርሽ ፈርቼ ነው።"

ከዚያ ከተቆለፈው የኃላፊው ካዝና ውስጥ፣ ዕቃ እንድታዛውር ታዝዛ ስትከፍተው ያገኘችውን ወረቀት አሳየቻት። እርምጃ የተወሰደባቸው ተብሎ ከከፍተኛው ለውይይት መሪዎች የተላከ የስም ዝርዝር ነበር። በሰባተኛው ተራ ላይ አዲሳለም ሾዴ ይላል። ቀኑ ኅዳር 24 ነው። ተክለ ሃይማኖት ዝርዝሩ ሲደርሰው የፈረመበት ቀን ደግሞ ኅዳር 28።

ዘርትሁን ቀኖቹን ደጋግማ አየቻቸው። ደብተሩን ሲጠይቃት ልጁ ከሞተ ዐሥራ ሰባት ቀኑ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። ምግቡን ለስድስት ወር ያህል ለሌላ ሰው ስታመላልስ ከርማለች። መሰለች ክንዷን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ካዝናውን የሚከፍቱት ተክለ ሃይማኖትና እሷ ብቻ ስለሆኑ፣ ነገሩ ከወጣ ማን እንዳወጣው ወዲያው እንደሚታወቅ ነግራ ለመነቻት። ዘርትሁን በጭንቅላቷ እሺ አለቻት።

በማግስቱ ጧት ምግብ ሠራች። ምሳ ዕቃውን ይዛ ሄደች፤ ተሰለፈች። የወንድሟ ስም ሲጠራ ቀርባ ሰጠች። ከበሩ ወዲያ፣ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠው ሌላው ዘበኛ ጋቢ ለብሶ ነበር። የአባቷን የጥለት አጨራረስ በሩቁ ታውቀዋለች። ዘበኛው ባዶውን ዕቃ ሲመልስላት እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀበለችው።

ካቆመች ተክለ ሃይማኖት ይሰማል፤ ከሰማ መሰለች ትጠፋለች። ስለዚህ በየቀኑ ማመላለሷን ቀጠለች። ወጡን ትሠራለች፣ ጨው ትቀምሳለች፣ ትሰለፋለች። ለአባቷም አልነገረቻቸውም። አቶ ሾዴ ማታ ማታ ዕቃው ባዶ መምጣቱን ይጠይቋታል፤ አዎ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ያማትባሉ።

ሰኔ ላይ ተክለ ሃይማኖት እንደገና ጠራት። ከጀርመን መልስ መጥቶለት ነበር። የሚያማክረው ፕሮፌሰር ሥራውን ወዶታል፤ ሆኖም ሕጉ የሚሠራው ሁሉም ቁጥሮች ከዜሮ ለሚበልጡባቸው ሰንጠረዦች ብቻ ነው። ዜሮ የሚገባባቸውንም ቢያካትት ኖሮ ታላቅ ውጤት ይሆን ነበር ብሎ ጽፏል። ተክለ ሃይማኖት ይህን ራሱ ሞክሮ አልሆነለትም። እሷ ትችል እንደሆነ ጠየቃት።

ዘርትሁን አልችልም ልትለው ነበር። እውነቱም ያ ነው፤ ከዓመት በፊት ሞክራው የማይሆንበትን ምክንያት አግኝታለች። ያንን ከማለቷ በፊት ግን፣ እንዲሁ አፏ ላይ መጥቶ፣ አዲሳለም ደኅና እንደሆነ ጠየቀችው።

"ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ስሄድ አየሁት" አላት። "ትንሽ ከስቷል እንጂ ደኅና ነው። ሰላም በልልኝ ብሎኛል።"

ድምፁ አልተለወጠም። ዐይኑንም አልሰበረም። ዘርትሁን ዐይን ዐይኑን እያየች ሦስት ሳምንት ስጠኝ አለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ብላው አታውቅም ነበር። እሱ አላስተዋለም።

ሦስቱን ሳምንት የሠራችው ውሸት ነበር፤ በሕይወቷ ግን እንደዚያ ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። በሰንጠረዡ ውስጥ ዜሮ ባለበት ቦታ ሁሉ በጣም ትንሽ ቁጥር አስገባች። ያኔ ሁሉም ከዜሮ በላይ ስለሆነ እውነተኛው ሕጓ ይሠራል። ቀጥላ ትንሿን ቁጥር ወደ ዜሮ አስጠጋቻት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሯ እያነሰች ስትሄድ ክፍተቱ የሚጠብበት መጠንም አብሮ ይሟሽሻል፤ በመጨረሻ ከነጭራሹ ምንም አይጠብም። ይህንን ቦታ በአምስተኛው ገጽ ላይ፣ ከሁለት ረጃጅም ስሌቶች መካከል፣ "ከዚህ በላይ እንደታየው" በሚል አንድ መስመር ሸፈነችው። ስድስት ገጽ እውነት፣ አንድ መስመር ሐሰት። ጽፋ ስትጨርስ ደስ አላት። መደሰቷ ራሷን አስደነገጣት፤ ቢሆንም ደስታው አልጠፋም።

ተክለ ሃይማኖት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። አምስተኛው ገጽ ላይ ቆም ብሎ ጠየቃት፤ ያለ ምንም መንተባተብ መለሰችለት። ሁሉንም በራሱ እጅ ገልብጦ የሷን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለመሰለች ሰጣት። መሰለች ሐምሌን ሙሉ ታይፕ ስትመታ፣ ማሽኑ ላይ የሌሉትን የግሪክ ፊደሎች ባዶ ቦታ እየተወች በብዕር ስትሞላ ከረመች። ዘርትሁን በአጠገቧ ስታልፍ ታያታለች። አንድ ቀን መሰለች ዐይኗን እያሸች፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ለዚህ ሰው እንዴት ትሠሪለታለሽ ብላ ጠየቀቻት። ዘርትሁን ሥራ ነው ብላት አለፈች።

መስከረም 1971 ተክለ ሃይማኖት ሄደ። አውሮፕላኑ በተነሣ ማግስት ዘርትሁን ምግብ አልሠራችም። አባቷ ለምን እንዳልሄደች ሲጠይቋት ከሸማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ሾዴ መወርወሪያውን እንደያዙ ሰሟት። አልጮኹም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

"ታዲያ ማን ነው ሲበላው የነበረው?"

ለቅሶ መቀመጥ ስለማይቻል በሩን ዘግተው ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ። ቄስ አልተጠራም፤ ጎረቤትም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አቶ ሾዴ ወደ ሽመና ጉድጓዳቸው ተመለሱ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚያው ጀርመን ከሚማር ኢትዮጵያዊ ለኮሌጁ መምህራን ደብዳቤ ደረሰ። ከመምህራኑ አንዱ በሻይ ሰዓት ጮክ ብሎ አነበበው። ተክለ ሃይማኖት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሥራውን ሲያቀርብ፣ ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት ሽማግሌ ጀርመናዊት ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። በላይኛው ረድፍ ዜሮና ሁለት፣ በታችኛው ስምንትና ዜሮ ጻፉ። ክፍተቱን እንዲያጠብላቸው በትሕትና ጠየቁት። ድምሮቹ ሁለትና ስምንት ናቸው። አንድ እርምጃ ሠራ፤ ስምንትና ሁለት መጣ። ሌላ ሠራ፤ ሁለትና ስምንት። ጠመኔውን ለውጦ አምስት ጊዜ ሠራው፤ ቁጥሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ በጥቂት እንኳ አልተቀራረቡም፤ ዋናው ቁጥር፣ አራት፣ መሐላቸው ላይ ቁጭ ብሎ። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

መምህራኑም ሳቁ። ዘርትሁንም ከነሱ ጋር ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያን ቀን ወደ ቤቷ ዳገቱን ስትወጣ እግሯ ቀሎት ነበር።

ደብዳቤው ያልጨረሰውን ተክለ ሃይማኖት ራሱ ኅዳር ላይ ተመልሶ መጥቶ ጨረሰው። ጀርመኖቹ ዜሮዎቹን አውጣ፣ የቀረው ጥሩ ሥራ ነው ብለውት ነበር። አውጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዕረጉን ተቀብሎ መጣ። የቀረው ሥራ ዘርትሁን በደብተር የሰጠችው ነው። ስለ አዳራሹ ሳቅ ግን በላኩት ሰዎች ዘንድ ወሬው ደርሶ ስለነበር ምክንያት ያስፈልገው ነበር። ምክንያቱን በጽሑፍ አቀረበ። በእጁ የጻፈው "ከዜሮ የሚበልጡ" የሚል ነው፤ ታይፒስቷ አንዲት የምልክት ፊደል ለውጣ "ከዜሮ የማያንሱ" በማድረግ የሀገሪቱን ስም በባዕዳን ፊት አዋርዳለች፤ ይህ አሻጥር ነው። በመጣ በሦስተኛው ቀን መሰለችን ከማሽኗ ላይ አስነሥተው ወሰዷት። ስትወጣ ዘርትሁን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። መሰለች አየቻትና ራሷን ነቀነቀች፤ አይዞሽ ማለቷ ይሁን ሌላ፣ ዘርትሁን አላወቀችም።

ዘርትሁን ያን ዕለት መናገር ትችል ነበር። በማግስቱም ትችል ነበር። ያን የቆርቆሮ በር ለዐሥር ወር ቆማበታለች፤ ከወዲያ በኩል ያለውን ጩኸት ሰምታለች፤ እዚያ መግባትን ትፈራለች። ያለሷ ማንም እንደሌላቸው አባቷንም ታስባለች። ሐሰቱን የሠራሁት እኔ ነኝ ብትል መሰለች ትፈታለች ወይስ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ እያለች ታሰላለች። ስሌቱ ሁልጊዜ ቤቷ እንድትቀመጥ በሚያደርጋት በኩል ይወጣል። የመሰለችን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ታያቸዋለች፤ መንገድ ትቀይራለች።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ኮሌጁ ምክትል ኃላፊ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ቢሮ ገባች። የደከመ፣ ጡረታው የቀረበ ሰው ነው። ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ አምስተኛው ገጽ። አራቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችው። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ብዙ ጊዜ ተመለከተው፤ የገባው ግን አይመስልም።

"ይሄን ባቀርበው" አላት፣ "የተረሸነ ሰው እህት ሆን ብላ አበላሸች ነው የሚባለው። መሰለች ደግሞ ዝርዝሩን አሳልፋ ሰጥታለች። አሁን የያዟት በአንድ ፊደል ነው፤ ያኔ በምሥጢር ይሆናል። ልትገድያት ነው እንዴ የመጣሽው?"

ሀብተ ጊዮርጊስ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ወደ ክፍሏ ሄዳ እንድታስተምር ነገራት። ሄደች፤ አስተማረች።

መሰለች የተፈታችው በአርባ ሁለተኛው ቀን ነው። የፈታት ማንም ሰው አይደለም። ተክለ ሃይማኖት ከፍ ያለ ቦታ ተሰጥቶት ከኮሌጁ ስለተነሣ ጉዳዩን የሚከታተል ጠፋ፤ እስር ቤቱም ሞልቶ ስለነበር ከሌሎች ጋር አስወጧት። ወደ ሥራዋ አልመለሷትም።

ዘርትሁን በጥምቀት ማግስት ቀጨኔ ድረስ ሄደች። ቤቱ ከቁልቁለቱ መጨረሻ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መደዳ ነው። መሰለች አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሁለት እግሮቿ በጨርቅ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተሰቅለዋል። ውስጥ እግሯን ገርፈዋት ቁስሉ ስላመረቀዘ ቆማ መሄድ አትችልም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶችም አይታጠፉም። ዘርትሁንን ስታይ ፊቷ ላይ መደሰትም መቆጣትም አልታየም፤ በርጩማውን በዐይኗ አሳየቻት። ጥቂት ስለ ልጆቹና ስለ ብርዱ አወሩ። ከዚያ መሰለች ጠየቀቻት።

"ያን ወረቀት ታይፕ ስመታው ውሸት መሆኑን ታውቂ ነበር?"

ዘርትሁን መዋሸት ትችል ነበር። በዚያ ዓመት ከማንም በላይ ተለማምዳዋለች።

"አውቅ ነበር" አለች።

"በኔ እጅ እንደሚያልፍስ?"

"እሱንም አውቅ ነበር፤ እትዬ መሰለች። ግን አላሰብኩትም። ስለ ተክለ ሃይማኖት ብቻ ነበር የማስበው።"

መሰለች የማይታጠፉትን ጣቶቿን በሌላው እጇ ያዘች። ውጭ አንዲት ሴት እርጥብ ሸክላ ትጠፈጥፍ ነበር።

"የትኛውን ፊደል እንደለወጥኩ ነበር የሚጠይቁኝ" አለች። "እኔ ምን ዐውቄ። የመጣልኝን ፊደል ሁሉ ጠራሁላቸው። አንዱን ስጠራ ሌላ ነው ይሉኛል። ውሸቱን ማን እንደሠራው ባውቅ ኖሮ፣ ዘርቲ፣ በመጀመሪያው ቀን ስምሽን እሰጣቸው ነበር። ይሄን እንድታውቂው ብዬ ነው። ሳላሳልፍሽ የቀረሁት ስለማላውቅ ነው እንጂ ስለምወድሽ አይደለም።"

ዘርትሁን እግሯ ሥር ወድቃ ይቅርታ ልትላት ከበርጩማው ተነሣች። መሰለች በግራ እጇ ከለከለቻት፤ የተጠቀለሉትን እግሮቿን እንዳትነካቸው ፈርታ ነበር።

"ልጆቹ አሁን ይመጣሉ" አለቻት። "ሳያገኙሽ ሂጂ። እቤታቸው ማን መጥቶ እንደነበር ከጠየቁኝ መንገር አልፈልግም።"

ዘርትሁን ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በሩን ልትዘጋው ስትል መሰለች ክፍት እንድትተወው ከውስጥ ነገረቻት፤ ተነሥታ መክፈት ስለማትችል።